መከራ ሲበረታ ጸሎት እንዳይታጎል

ሐዘን፣ ሕመም ወይም ሥራ ማጣት ሲመጣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሙሉ ዳዊት መድገም፣ ሌሊቱን ቆሞ ማደር ይጀምራል። ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቱ ያልቅና ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ ከዚያ «ፈጣሪ ተቀይሞኛል» የሚል ሐሳብ ይከተላል። በክፉ ቀን ሥርዓቱ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም።

ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህንና ንዋምን (ጠዋት 12፣ ማታ 3 ሰዓት) ብቻ ይያዙ። አማትበው አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ መዝሙር 50። አሥር ደቂቃ ይበቃል። በቃልዎ ያጥኑት፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ መጽሐፍ መግለጥ የማትችል እህት የሚተርፋት በቃሏ ያለው ነው። ቃል አልወጣ ሲል «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በመቁጠሪያ፤ አቅም ካነሰ 12።

በረታ ሲሉ ወደ ዳዊቱ ይመለሱ፦ ሰኞ መዝሙር 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150። ከቀኑ ድርሻ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ ለጊዜው በቂ ነው። ያመለጠውን ቀን እንደ ዕዳ አያጠራቅሙ፤ ማክሰኞ ካለፈ ረቡዕ የረቡዕን ይድገሙ። ብዙዎችን የሚያስቆመው ይኸው ውዝፍ ነው።

ማማረር ኃጢአት የሚመስለው ሰው የሐሙስን 87ኛ መዝሙር (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88) ያንብብ። ወዳጅ ርቆ፣ በጨለማ ያልቃል፤ መጽናኛ የለውም። እንዲህ ያለውን ጸሎት ያቆየችልን ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት።

የንስሐ አባትዎን ሲያገኙ «ከብዶኛል» ብቻ አይበሉ። ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ የሥራ ሰዓትዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይንገሯቸው፤ ጾሙንና ስግደቱን በአቅምዎ ልክ የሚወስኑት ይህን ሲያውቁ ነው። ስግደት በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ፣ እንዲሁም በቆረቡ ቀን የለም፤ ይህን ሳያውቅ ራሱን የሚያደክም አለ።

ጠበል ሲገቡ መድኃኒት አያቋርጡ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል፤ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለአእምሮ ሕመምም ያው ነው። መሞትን መመኘት ከጀመሩ ደግሞ ሱባኤው (ለጾምና ለጸሎት ተለይቶ መቆየቱ) ይቆይ። በዚያው ቀን ሰው ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የንስሐ አባትዎም ይወቁት።