የብሪታንያ ምርጫ ሲቃረብ፦ ጋዜጣውንና የሕዝብ አስተያየቱን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ በቀረበ ቁጥር የአማርኛ ዜና በመቶኛ ይጥለቀለቃል። እገሌ በዚህን ያህል ነጥብ ይመራል፣ እገሊት ተንሸራተተች፣ ይኼኛው ጋዜጣ ፊቱን አዞረ። የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ስመልስ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ሥራው ካስተማረኝ ነገር ዋናው ይህ ነው፦ ብሪታንያ ውስጥ የሚካሄደው አንድ ምርጫ አይደለም። በአንድ ቀን በ650 የምርጫ ክልሎች የሚካሄዱ፣ እያንዳንዳቸው አንድ የፓርላማ መቀመጫ የሚያስገኙ 650 ምርጫዎች ናቸው። ይህን የዘነጋ ሰው ቁጥሩንም ጋዜጣውንም አጣምሞ ያነባል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

የድምፅ ድርሻን የመቀመጫ ድርሻ አድርጎ መቁጠር

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይህች ናት። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሥርዓቱ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሚደነግገው በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንዲመረጥ ነው። ሃምሳ በመቶ መድረስ አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ከወጣው በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል። የተሸነፉት ያገኙት ድምፅ የትም አይቆጠርላቸውም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል የሌበር ፓርቲን ሦስት ምርጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። በ2017 በጄረሚ ኮርቢን መሪነት 40 በመቶ ድምፅ አገኘና በ262 መቀመጫ ተሸነፈ። በ2019 አሥር ሚሊዮን ከሚበልጥ መራጭ የተገኘው 202 መቀመጫ ብቻ ነበር። በ2024 በኪር ስታርመር መሪነት ድምፁ ወደ 9.7 ሚሊዮን ወረደ፣ ድርሻውም 33.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ መቀመጫው ግን 411 ሆነ። የመራጩ ቁጥር እየቀነሰ ድሉ የገነነው ተቃራኒው ወገን ስለተከፈለ ነው። የወግ አጥባቂዎቹን ድምፅ ሪፎርም ዩኬ በየክልሉ ሸርሽሮባቸዋል። ሪፎርም ራሱ ደግሞ ከአራት ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሰብስቦ ያገኘው አምስት መቀመጫ ነው፤ ከእርሱ ያነሰ ድምፅ የነበራቸው ሊበራል ዴሞክራቶች 72 ወሰዱ። የሪፎርም ደጋፊ በአገሪቱ ሁሉ ተበትኖ ነበር፤ ሊበራል ዴሞክራቶች ግን ጉልበታቸውን ያሳረፉት ሊያሸንፉ በሚችሉባቸው ክልሎች ላይ ነው።

ስለዚህ «ይህ ፓርቲ 15 በመቶ ደረሰ» የሚል ዜና ሲመጣ መጠየቅ ያለበት «የት?» ተብሎ ነው። በ2015 የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ከመላው ብሪታንያ ድምፅ አምስት በመቶ እንኳ ሳይሞላ 56 መቀመጫ ያገኘው ድምፁ በሙሉ ስኮትላንድ ውስጥ ስለነበር ነው።

አንዲት ድምፅ ምን ያህል እንደምትመዝን ደግሞ የዊንቸስተር ነገር ያሳያል። በ1997 የሊበራል ዴሞክራቱ እጩ እዚያ ያሸነፉት በሁለት ድምፅ ብልጫ ነበር። ተሸናፊው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ምርጫው ተሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተደገመ። ሕዝቡ በከሳሹ ሳይቆጣ አልቀረም፤ የሁለት ድምፁ ብልጫ 21,556 ሆነ።

የሕዝብ አስተያየት ጥናትን እንደ ትንቢት መውሰድ

አንድ ሺህ ሰው ተጠይቆ የተሠራ ጥናት ለእያንዳንዱ ፓርቲ ሦስት ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። ትናንት 38 የነበረው ዛሬ 40 ቢሆን ምናልባት ምንም አልተለወጠም። ጋዜጣው ግን ጥናቱን በገንዘቡ አሠርቷልና «ምንም አልተለወጠም» ብሎ የፊት ገጹን አያባክንም።

ከዚህ የሚከፋው ጥናቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲስቱ ነው። በ1992 የመጨረሻዎቹ ጥናቶች በአማካይ ሌበርን በጥቂቱ አስቀድመው ነበር፤ ወግ አጥባቂዎቹ በጆን ሜጀር መሪነት ከሰባት ነጥብ በላይ በልጠው አሸነፉ። በኋላ ሲመረመር፣ ከፊሉ መራጭ በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን ቀይሯል፤ የተጠያቂዎቹም አመራረጥ ሚዛኑን የሳተ ነበር፤ ለወግ አጥባቂዎቹ ድምፅ ከሚሰጡት ብዙዎቹም ምርጫቸውን ለጠያቂ መግለጽ አልፈለጉም።

በ2015 የሆነውን ግን ሳስበው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ጥናቶቹ ሁለቱን ታላላቅ ፓርቲዎች እኩል ለእኩል አድርገው አሳዩ። እኩል ከሆኑ ማንም ብቻውን መንግሥት አይመሠርትም ተባለ። ስለዚህ የዘመቻው ወሬ ሁሉ «ማን ከማን ጋር ይጣመራል?» ወደሚለው ዞረ። ወግ አጥባቂዎቹ የሌበሩን መሪ ኤድ ሚሊባንድን በስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ፖለቲከኛው በአሌክስ ሳልሞንድ የደረት ኪስ ውስጥ እንደ መሐረብ ብቅ ብለው የሚያሳይ ትልቅ ማስታወቂያ ለጠፉ። ጤና፣ ትምህርት፣ ግብር ለዚህ ወሬ ቦታ ለቀቁ። ድምፁ ሲቆጠር ወግ አጥባቂዎቹ ስድስት ነጥብ በሚያህል ብልጫ ብቻቸውን መንግሥት የሚያቋቁም ወንበር አገኙ። ጉዳዩን የመረመረው ቡድን ዋናው ጥፋት የተጠያቂዎቹ ናሙና ሕዝቡን አለመወከሉ ነው አለ። እንግዲህ አንድ አገር ሳምንታት ሙሉ የተከራከረው በሌለ ነገር ላይ ነበር። ስንት መራጭ በዚያ ሳቢያ ሐሳቡን እንደቀየረ ማንም በትክክል ሊለካው አይችልም፤ እኔ ግን ጥናት የሕዝብን አስተያየት መለካት ብቻ ሳይሆን ሊቀርጸውም እንደሚችል የተረዳሁት ያኔ ነው።

ፖለቲከኞችም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃሉ። በ2017 ቴሬዛ ሜይ 330 መቀመጫ ይዘው ሳለ ጥናቶቹ በሰፊ ልዩነት ሲያስቀድሟቸው አይተው ምርጫ ጠሩ። ያገኙት 317 ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ጥናት አይነበብ እያልኩ አይደለም። ሲነበብ ማን አሠራው፣ ሰዎቹ የተጠየቁት በየትኞቹ ቀናት ነው፣ «አልወሰንኩም» ያሉት ምን ያህል ናቸው፣ የት ሄዱ ብሎ መፈተሽ ይገባል። በብሪታንያ የጥናት ድርጅቶች ምክር ቤት ውስጥ የታቀፉት ድርጅቶች ሙሉ ሠንጠረዡን የማውጣት ግዴታ አለባቸው። አንድ ጥናት ብቻውን አይወራ፤ የበርካታ ሳምንታት አካሄድ ጎን ለጎን ይታይ።

ጋዜጣ የደገፈው ያሸንፋል ብሎ ማመን

ሚያዝያ 9 ቀን 1992፣ የድምፅ መስጫው ዕለት ጠዋት፣ ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ የሌበሩን መሪ የኒል ኪኖክን ጭንቅላት በኤሌክትሪክ አምፖል ውስጥ አድርጎ የፊት ገጹ ላይ አተመ። አጠገቡ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው፣ ኪኖክ ዛሬ ካሸነፉ ከብሪታንያ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ እባክዎን መብራቱን ያጥፉ የሚል መልእክት ነበረው። ኪኖክ ተሸነፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ጋዜጣው ድሉ የእኔ ነው ብሎ ፎከረ። ያ ፉከራ እስከ ዛሬ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ባለቤቱ ሩፐርት መርዶክ ግን በ2012 በአጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርበው ያ ርዕስ ለዛ ቢስና የተሳሳተ ነበር ብለዋል።

ይኸው ጋዜጣ በመጋቢት 1997 ወደ ቶኒ ብሌር ሲዞር ዓለም ተደነቀ። የቀን ሰሌዳውን ማየት ግን ይጠቅማል። መስከረም 16 ቀን 1992 ፓውንድ ከአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ተገፍቶ ከወጣ ወዲህ ሌበር ለዓመታት በሰፊው ሲመራ ነበር። ጋዜጣው የዞረው አንባቢው ከዞረ በኋላ ነው።

ወደ ኋላ ራቅ ብንል የ1924ቱ «የዚኖቪየቭ ደብዳቤ» አለ። ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው ዴይሊ ሜይል የሶቪየቱ መሪ ዚኖቪየቭ ለብሪታንያ ኮሚኒስቶች ከሞስኮ ላከው የተባለ፣ በኋላ ሐሰተኛ መሆኑ የታመነበት ደብዳቤ አወጣ። ሌበር ከ191 መቀመጫ ወደ 151 ወረደ፤ ሰዎችም ደብዳቤው ነው የጣለው አሉ። የሌበር ድምፅ ግን በዚያ ምርጫ አልቀነሰም፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ጨመረ። የፈረሱት ሊበራሎች ነበሩ፤ ከ158 ወደ 40። በ1945ም ሰፊ ሥርጭት የነበረው ዴይሊ ኤክስፕረስ በሙሉ ኃይሉ ከቸርችል ጋር ቆሞ ሳለ ሌበር 393 መቀመጫ ወሰደ።

ጋዜጣ ኃይል የለውም ማለቴ አይደለም። ኃይሉ ያለው የዕለቱን መነጋገሪያ በመምረጥ ላይ ነው። ጠዋት የፊት ገጹ ላይ የወጣው ነገር ቀኑን በሙሉ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ፖለቲከኞች የሚጠየቁበት ይሆናል። ስለዚህ ስናነብ ማንን ደገፈ ከማለት ይልቅ ስለ ምን እንድናወራ ፈለገ፣ ምንስ ዝም አለ ብለን ብንጠይቅ ብዙ እናተርፋለን።

ጋዜጣና ቴሌቪዥንን በአንድ ዓይን ማየት

የብሪታንያ ጋዜጣ ወገን የመያዝ ነፃነት አለው፤ እገሌን ምረጡ ብሎ በርዕሰ አንቀጹ ይጽፋል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ግን በሕግ ገለልተኛ እንዲሆኑ ይገደዳሉ፤ የሚከፈልበት የፖለቲካ ማስታወቂያም ማስተላለፍ አይችሉም። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የድምፅ መስጫ ጣቢያዎቹ ከተከፈቱበት ጊዜ አንሥቶ የምርጫውን ክርክር ያቆማሉ፤ የሚያሳዩት መሪዎቹ ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት የድምፅ መስጫ ጣቢያዎቹ ሲዘጉ ድምፅ ሰጥተው ከወጡ ሰዎች የተሰበሰበው ጥናት ይነገራል። ከዚያ ደቂቃ አስቀድሞ ማውጣት ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ቀን ላይ «ሾልኮ ወጣ» የሚባል ውጤት ካያችሁ አታጋሩት።

ሕዝቡ ጠቅላይ ሚኒስትር ይመርጣል ማለት

የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ያሉት የክልሉ እጩዎች ስም፣ የፓርቲያቸው ስምና ምልክት፣ መራጩም በእርሳስ የኤክስ ምልክት የሚያደርግበት ሣጥን ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውን መሪውን ፓርቲው በመካከል ሊቀይር ይችላል፤ በ2022 ብቻ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል፤ በመካከላቸው ግን ጠቅላላ ምርጫ አልነበረም።

«እዚህ ስለምኖር እመርጣለሁ» ብሎ መዘናጋት

ይህ ለንደን፣ ሊድስ ወይም ማንቸስተር ላሉ ወገኖቼ ነው። በጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ናቸው። ኬንያዊው ጎረቤታችሁ ገና በጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ እያለ ሊመርጥ ይችላል፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ኢትዮጵያዊው ሃያ ዓመት ቢኖርም የብሪታንያ ዜግነት እስኪወስድ ድረስ አይችልም። ዜግነቱን መውሰድ ደግሞ በእኛ ሕግ የኢትዮጵያ ዜግነትን ያሳጣል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያመነታው በዚህ ምክንያት ነው። በስኮትላንድና በዌልስ ነዋሪ ከሆናችሁ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ለአካባቢው ምክር ቤትና ለራሳቸው ፓርላማ መምረጥ ይችላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። መምረጥ የምትችሉ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመራጮች ምዝገባ ከምርጫው 12 የሥራ ቀናት በፊት ይዘጋል፤ በ2024ቱ ጠቅላላ ምርጫም ጣቢያው ላይ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ ያልያዘ ሰው የድምፅ መስጫ ወረቀት አልተሰጠውም።