ስልኩ እየፈጠነ ላፕቶፑ ብቻ ሲንቀራፈፍ

ከቤቱ ዕቃ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ከቀረፈፈ ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ለመደወል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ስልካችሁን ላፕቶፑ አጠገብ አድርጉና ሁለቱንም ከአንዱ ዋይፋይ አገናኙ። የስልኩን ሞባይል ዳታ ዝጉ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና በዳታ ያገኘውን ፍጥነት የዋይፋይ ያደርገዋል። ከዚያ በየተራ ፍጥነት ለኩ። ሁለቱም ከቀረፈፉ ጣጣው የመስመሩ ወይም የራውተሩ ነው። ላፕቶፑ ብቻ ከሆነ ቀጥሉ።

አሁን ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለውን መንገድ ለብቻው እንፈትሽ። ዊንዶውስ ስታርት ላይ ሲኤምዲ (cmd) ብላችሁ ፈልጉና በሚከፈተው ጥቁር መስኮት መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚለካውን የፒንግን (ping) ትዕዛዝ ከራውተሩ አድራሻ ጋር ጻፉ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። መልሱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ሆኖ ከረጋ አየር ላይ ያለው ግንኙነት ጤነኛ ነው፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ። አንዴ 3፣ አንዴ 400 እያለ የሚዘል ወይም የሚቋረጥ ከሆነ ግን ዋይፋዩ ራሱ ታሟል።

ራውተሩ ሥር ተቀምጣችሁም ሲግናሉ ደካማ ነው

ላፕቶፑ ሰሞኑን ተከፍቶ ነበር? ራም ሲጨመር፣ ኤስኤስዲ ሲገባ ወይም አቧራ ሲጸዳ በቀላሉ የሚረሳ ነገር አለ። ከዋይፋይ ካርዱ ተነስተው በማጠፊያው በኩል ወደ ስክሪኑ ዙሪያ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ፣ የአንቴናው ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለው ክብ፣ ከምስር ፍሬ ያነሰ ማያያዣ ከካርዱ ላይ ተላቆ ከቀረ ላፕቶፑ ያለ አንቴና ነው የሚሠራው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አላቁ፣ ማያያዣውን ቀጥ አድርጋችሁ በጣት ጫፍ ጫን በሉት፤ ቀጭ ሲል ገብቷል። ወደ ጎን ከገፋችሁት ይሰበራል። ካልደፈራችሁ ወደ ጥገና ስትወስዱት ‹‹የአንቴናውን ሽቦ እይልኝ›› ብላችሁ ጀምሩ፤ ያለዚያ አዲስ ካርድ ልትገዙ ትችላላችሁ።

ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ፍጥነቱ ግን የለም

የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ባንዱን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሞገድ ክልል እዩ። 2.4 ጊጋ ኸርዝ ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በዚህ ባንድ እርስ በርስ የማይደራረቡ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ራውተር ሁሉ እዚያ ይሻማል። ብሉቱዝና ማይክሮዌቭም እዚያው ናቸው። ስልካችሁ የሚፈጥነው 5 ጊጋ ኸርዝ ላይ ስለሆነ ይሆናል። ላፕቶፑንም ወደዚያው አዛውሩት። በ5 ስም የሚታይ ዋይፋይ ላፕቶፑ ላይ ጭራሽ ካልመጣ፣ ካርዱ 2.4 ብቻ የሚቀበል አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ባንድ የሚቀበል የዩኤስቢ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ) ይበቃችኋል። ነገር ግን 5 ግድግዳ አይወድም፤ በመሃል ሁለት የኮንክሪት ግድግዳ ካለ 2.4 ሊሻል ይችላል።

ሃርድ ዲስክ ስትሰኩ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ የዩኤስቢ 3 ጣጣ ሊሆን ይችላል። ገመዱና ሶኬቱ 2.4 ላይ የሚረብሽ ጨረር እንደሚለቁ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። በሌላኛው ጎን ሰኩት።

ባትሪ ላይ ሲሆን ወይም ከእንቅልፍ ሲነሳ ብቻ ካስቸገረ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን የኃይል ቁጠባ አጥፉ፣ ድራይቨሩንም (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከአምራቹ ድረ ገጽ አድሱ።

ፒንጉ ጥሩ ነው፣ ገጽ ግን አይከፈትም

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ንኩት፤ በላተኛው ከላይ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ አፕዴት፣ ዋንድራይቭ ወይም ቪዲዮ በራሱ የሚያወርድ ቴሌግራም ነው። በጥቅል ለምትጠቀሙ ዋይፋዩን ሜተርድ (ዳታው እየተቆጠረ የሚከፈልበት) ብሎ መመደብ ብርም ያተርፋል። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንንም ዝጉ፤ ያወረዳችሁትን አፕዴት ለማታውቁት ኮምፒውተር ሊያካፍል ይችላል።

ቪፒኤንንም አትርሱ። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ ሳለ ብዙ ሰው ጭኖ ነበር፤ ዛሬም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳ ካለ መረጃው ሁሉ ሌላ አገር ዞሮ ነው የሚመጣው። አጥፉትና እንደገና ለኩ።