በመሥሪያ ቤት የደም ልገሳ ቀን እንዴት ይዘጋጃል?

የድርጅቶች በጎ አድራጎት አብዛኛውን ጊዜ ቼክና ባነር ነው። ሥራ አስኪያጁ በትልቅ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቼክ ይዞ ፎቶ ይነሣል፣ ሠራተኛው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ያጨበጭባል። ችግኝ ተከላውም ቢሆን በብዙ ቦታ ጉድጓዱ በተሞላበት ሰዓት ያበቃል፤ በበጋ ማን ውሃ እንደሚያጠጣ የሚጠይቅ የለም። ደም ልገሳን ከሁሉም የማስበልጠው ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙም ቁርጥ ያለ ስለሆነ ነው። አንድ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ቀይ የደም ሕዋሱ፣ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) እና ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው) ከተለዩ እስከ ሦስት ሕሙማን ሊያገኙት ይችላሉ። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳትን እናት በዚያች ሰዓት በገንዘብ ማዳን አይቻልም፤ ከማቀዝቀዣው የሚወጣ ደም መኖር አለበት።

ሥራው ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በሠራተኞች አስተዳደር በኩል እንዲህ ያሉ ቀናትን ደጋግሜ አስተባብሬያለሁና ችግር የሚፈጥሩት ደረጃዎች ላይ በዝርዝር፣ ሌሎቹ ላይ ባጭሩ እጽፋለሁ።

1. መጀመሪያ ደም ባንኩን፣ ቀጥሎ አለቃዎን ያነጋግሩ

ብዙዎች በተገላቢጦሽ ይሄዱበታል። ሥራ አስኪያጁ ቀን ይቆርጣል፣ ባነር ይታተማል፣ ከዚያ ደም ባንኩ ቡድኑ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ እንደተያዘ ይናገራል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎትን፣ ክልል ከሆኑ በአቅራቢያዎ ያለውን የደም ባንክ ይጠይቁ። የሚጠይቋቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ተንቀሳቃሽ ቡድን ለመላክ ቢያንስ ስንት ለጋሽ ይፈልጋሉ? በየትኛው ሳምንት ደም ያጥራቸዋል? ምን ያህል ስፋት ያለው ክፍል ያስፈልጋል? አልጋውን፣ ከረጢቱንና ነርሶቹን ይዘው የሚመጡት እነርሱ ናቸው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ክፍሉ፣ ሰውና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው።

2. ቀኑን በማቀዝቀዣው ልክ ይምረጡ

ሁሉም ሰው ሰኔ 7ን ይፈልጋል። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው፤ የደም ዓይነቶችን የለየው የካርል ላንድስታይነር የልደት ቀንም ነው። ለፎቶ ያማረ ቀን ቢሆንም ለደም ባንኩ ያን ያህል አይደለም። ፕሌትሌት የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ በተለመደው ከረጢት 35 ቀን ያህል በማቀዝቀዣ ይቆያል፤ የቀዘቀዘ ፕላዝማ ብቻ ነው ዓመት የሚደርሰው። ድርጅቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት ቢሰለፉ የተወሰነው ጊዜው አልፎበት ይወገዳል፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ አስታማሚው ደም ፍለጋ ይንከራተታል።

እጥረቱ የሚብሰው በክረምትና በጾም ወራት ነው። ከዋነኞቹ ለጋሾች መካከል የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉና ትምህርት ሲዘጋ ሰልፉ ይሳሳል። ስለዚህ ሐምሌን እመርጣለሁ። ነሐሴ ከባተ ፍልሰታ እስከ 15 ድረስ አለ። በባዶ ሆድ ደም መስጠት ራስን ለመሳት ያጋልጣልና ረቡዕና ዓርብን ይተዉ፤ የዐቢይ ጾምን ይዝለሉ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ በያመቱ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቢሆን ይመቻል።

3. ሰው እንዲመጣ እንጂ እንዲገደድ አያድርጉ

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ የየክፍሉን ሠራተኞች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ የለገሰ ሰው ስም አጠገብ ቀይ የልብ ምልክት ሲያደርጉ አይቻለሁ። ሐሳቡ ማበረታታት ነበር። ከሰዓት በኋላ ምልክት የሌላቸው ስሞች ለሻይ ቤት ወሬ ሆኑ፤ ደም አልሰጥ ያለው ሁሉ «ምን ይዞት ይሆን?» ተባለ። በቀጣዩ ዙር የተመዘገበው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ደም ላለመስጠት የሚያበቁ ምክንያቶች ብዙና ተራ ናቸው። ዕድሜው ከ18 በታች ወይም ከ65 በላይ የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያነሰ፣ የደም ማነስ ያለበት፣ በቅርቡ ወባ የያዘው፣ አንቲባዮቲክ እየወሰደ ያለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ፤ ሁሉም ይመለሳሉ። ከእነዚህ አንዱንም ለክፍል ኃላፊው የማስረዳት ግዴታ የለባቸውም። ገና ለማንም ያልነገረች ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በእርስዎ ባነር ምክንያት ምስጢሯ መውጣት የለበትም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ምዝገባውን ነርሷ ትይዛለች እንጂ የሠራተኛ አስተዳደሩ አይነካውም። የምርመራ ጥያቄው የሚጠየቀው በር ባለው ክፍል ወይም ቢያንስ በመጋረጃ ጀርባ ነው። የተመለሰውም የለገሰውም በአንድ በር ይወጣሉ፣ አንድ ዓይነት ጭማቂና ብስኩት ይወስዳሉ፣ እኩል የዕረፍት ሰዓት ያገኛሉ። ለለጋሽ ብቻ የሚሰጥ ቲሸርት፣ የሚለጠፍ ምልክት፣ የክፍሎች ውድድር የለም። ገንዘብና ተጨማሪ የዓመት ፈቃድም አይሰጥ፤ ደም በነፃ ፈቃድ ካልተሰጠ ሰው ሽልማቱን ብሎ መናገር ያለበትን ሕመም ይደብቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ያለ ክፍያ የሚደረግ ልገሳን የሚደግፈው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የሚመለስ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ ቀላል ነገር አይመስለኝም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲደፋ እንደኖረ በ1996 እ.ኤ.አ. በይፋ ሲታወቅ በሺህ የሚቆጠሩት ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጥተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) በተዘጋጀ የደም ልገሳ የፓርላማ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ በትውልዷ ሳቢያ እንደሌላው ሰው መለገስ አትችይም ተብላለች። እርሷም የምትለግሰው በሥራ ቦታዋ፣ በባልደረቦቿ ፊት ነበር። የሕክምና መሥፈርት አለ፤ መሥፈርቱን በግል፣ በግልጽና በአክብሮት መንገር ደግሞ የአስተባባሪው ኃላፊነት ነው።

በቅስቀሳው ላይ አንድ ነገር ሳይድበሰበስ ይነገር፦ ደም ልገሳ የኤችአይቪ መመርመሪያ አይደለም። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ነገር ግን በጣም በቅርቡ የተያዘ ሰው ምርመራው ላይ ላይታይበት ይችላል። ጥርጣሬ ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጓደኞቹ ግፊት ተሰልፎ የለገሰ ካለም ለነርሷ «ደሜ ባይወሰድ ይሻላል» ማለት እንደሚችል ቀድሞ ይወቅ።

4. ክፍሉና ምግቡ

ነፋሻ፣ ውሃና መብራት ያለው፣ በቀላሉ የሚታጠብ ወለል ያለው ክፍል፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር። ለለጋሹ ከልገሳው በፊት ውሃ፣ ከልገሳው በኋላ ጭማቂና ብስኩት። ትልቅ ድግስ አያስፈልግም፤ ክትፎ ያዘዙም አይቻለሁ፣ ነገር ግን አሳላፊው ከነርሷ በላይ ሲጣደፍ ነው የዋለው።

5. ዕለቱ

በየአሥራ አምስት ደቂቃው ጥቂት ሰው ብቻ ይቅጠሩ። «ሁላችሁም በሦስት ሰዓት» ከተባለ ወረፋው ይረዝማል፣ የተራበና የፈራ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያም አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ይበተናሉ። መርፌው የሚቆየው ከአሥር ደቂቃ አካባቢ አይበልጥም፤ ከምዝገባ እስከ ዕረፍት ግን አንድ ሰዓት ያህል ያስቡ።

ከለገሱ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ግዴታ ይሁን። ብዙ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ይነሣና ደረጃ ላይ ያዞረዋል። እንዲህ ከሆነ በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉለት፣ ነርስ ይጥሩ፤ አናቱ ላይ ውሃ መድፋት አያስፈልግም። ሹፌሮች፣ ክሬን የሚያንቀሳቅሱ፣ ከፍታ ላይ የሚሠሩ ባልደረቦች በዚያ ቀን ወደ ሥራቸው መመለስ የለባቸውም። ይህን ከኃላፊዎቻቸው ጋር በጽሑፍ አስቀድመው ካልተስማሙ፣ ከሰዓት በኋላ «መኪናው ይፈለጋል» የሚል ስልክ ይመጣል። ከባድ ዕቃ ማንሣትም በዚያ ቀን ይቅር።

6. ከልገሳው በኋላ

ፎቶ ማንሣት የፈለገ አስተናጋጅ ጠረጴዛውን እንጂ ፊት አያንሣ፤ ፈቃድ የሰጠ ካለ ለብቻው ይነሣ። የምርመራ ውጤት በደም ባንኩና በለጋሹ መካከል የሚቀር ጉዳይ ነው፤ ለድርጅቱ ሪፖርት የሚሆነው የከረጢቱ ብዛት ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ስንት ሰው ተመለሰ?» ቢልዎ «አላውቅም» ይበሉ፤ ምዝገባው በእጅዎ ስላልነበረ እውነትዎን ነው።

አንድ ሰው እንደገና ለመለገስ ሦስት ወር መቆየት አለበት። የሐምሌ ለጋሽ በጥቅምት መጨረሻ ይደርሳል፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ቡድኑ አልጋውን እያጠፈ ሳለ ያን ቀን ያስይዙ፤ ቢሮ ተመልሼ እደውላለሁ ካሉ ሥራ ይበዛና ይረሳል።