ወንዙ ወደ አጥራችሁ ሲጠጋ

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። እኔ ወንዙ ግቢዬን እየበላ መሆኑን ያመንኩት አንዱ የአጥር ቋሚ እግሩ ባዶ ቀርቶ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሳየው ነው። እስከዚያ ድረስ «ምን አላት፣ ትንሽ አፈር ናት» እል ነበር።

መጀመሪያ ለኩ። ከቤታችሁ ማዕዘን እስከ ገደሉ ጫፍ ስንት ሜትር ነው? ከጫፉ ወደ ቤቱ በየ2 ሜትሩ ችካል ትከሉና ቁጥር ጻፉበት። በየወሩና ከእያንዳንዱ ሙላት በኋላ እዚያው ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን መዝግቡ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ማዘጋጃ ቤት ስትገቡ አፋችሁ የሚሆነው ይሄ ደብተር ነው። የእኔ 2ኛ ችካል አንድ ጠዋት ስነሳ የለም።

ከዚያ ወደ ታች እዩ። ወንዝ የሚበላው ከእግር ነው። የታችኛውን አፈር ጠርጎ ሲወስደው የላዩ ድጋፍ ያጣና ይናዳል። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ በውጪው በኩል ያላችሁ ደግሞ ይብስባችኋል፤ ውኃው የሚፈጥነው በእናንተ በኩል ነውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙላቱ ሲጎድል ነው። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከፊቱ ደግፎት የነበረው ውኃ ግን ወርዷል። ዳሩ ብዙ ጊዜ የሚናደው ያኔ ነው። «እፎይ፣ አለፈ» ብላችሁ ጫፉ ላይ ለማየት እንዳትቆሙ። ከጫፉ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ልጆቹን አርቁ፣ ለማዘጋጃ ቤቱም በዚያው ቀን ንገሩ።

የእኔን ሞኝነት ልንገራችሁ። የፈረሰ ግንብ ፍርስራሽ በጋሪ እያመላለስኩ ከጫፉ ወደ ታች ደፋሁ። ክብደቱ ዳሩን ጭራሽ ገፋው። በቀጣዩ ሙላት ግማሹ ብሎኬት ከታች ያለው ጎረቤቴ ግቢ ሥር ተከምሮ ውኃውን ወደ እሱ አዞረው። ሁለት ወር ተኮራረፍን። እውነቱን ነበር። ደህና የተሠራ ግንብም ቢሆን ለብቻው ከቆመ የውኃውን ጉልበት ወደ ጎረቤት ሊልከው ይችላል፤ ጫፎቹም ከኋላ ይቦረቦራሉ።

በራሳችሁ አቅም የሚሠራው ይሄ ነው። የጣሪያ ውኃ ወደ ገደሉ እንዳይፈስ አሸንዳውን አዙሩ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ አስጠግኑ። ሳሩን እስከ ጫፉ ድረስ አትጨዱ። ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ብትተክሉ ጥሩ ነው፤ ሥሩ 3 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ዝናቡ ሲጀምር ተዳፋቱን አግድም በመስመር፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አራርቁ። ግን እግሩ እየተበላ ያለን ዳር ሣር ብቻውን አያድነውም። እዚያ ድንጋይ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ያስፈልጋል፤ ከጀርባው አፈር ጠብቆ ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ካልተነጠፈለት አፈሩ በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ያልቃል። ይህን መሐንዲስ አይቶ ይወስን። በብዙ ቦታ ወንዝ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድም ይጠየቃል።

አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ። መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ። «የግል ይዞታ ነው፣ ራስህ ጠብቅ» ተባልኩና ተመለስኩ። በሁለተኛው ከኮረፈኝ ጎረቤቴ ጋር ታርቀን ሰባት ቤት ሆነን ሄድን። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነበር። ልመናውን ትተን ከቤቶቻችን በፊት ዳሩ ላይ ያለውን የሕዝብ ንብረት ጻፍን፦ መንገዱን፣ የውኃ መስመሩን፣ የመብራት ምሰሶውን። ምሰሶው ከጫፉ 4 ሜትር ይርቅ ነበር፤ ከነፎቶው አያያዝነው። የጠየቅነውም አንድ ነገር ነው፤ ከድልድዩ እስከ መታጠፊያው ያለውን ዳር በሙሉ መሐንዲስ ይይልን። በሳምንቱ ቀያሽ መጣ።

ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡና ኮፒው ላይ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የጋቢዮኑ ሽቦ ቢበጠስ ማን እንደሚጠግነው ፊርማ ሳይኖር እንዳትለያዩ። የእኛ በመጀመሪያው ሙላት ሁለት ቦታ ተበጥሷል።