ሰው ሲታሰርባችሁ፦ የወንጀል ጠበቃ እንዴት ይቀጠራል?

በወንጀል ጉዳይ ጠበቃ የሚያፈላልገው አብዛኛውን ጊዜ ተጠርጣሪው ራሱ አይደለም። እሱ ጣቢያ ገብቷል፣ ስልኩም ተይዟል። የሚሯሯጡት ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በዋናነት የተጻፈው በር ላይ ስንቅ ይዞ ለቆመው ቤተሰብ ነው።

በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት መዘግየት ነው። «ክስ ሲመሠረት እናያለን፣ እስከዚያ ገንዘቡን እንያዘው» ይባላል። ክሱ ሲመጣ ግን ተጠርጣሪው ጣቢያ የሰጠው ቃል መዝገቡ ውስጥ ገብቷል፣ የዋስትና ጥያቄው አንዴ ውድቅ ሆኗል፣ ያየ የሰማ ምስክርም ስልኩን ቀይሯል። ዐቅማችሁ ለአንድ ደረጃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የእኛ ምክር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አውሉት ነው።

ጠበቃው እስኪገኝ

በመጀመሪያ ሰውየው የተያዘበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን ጻፉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ሰዓቱ ካልታወቀ ጠበቃው «ጊዜው አልፏል» ብሎ የሚከራከርበት መነሻ አይኖረውም። የጣቢያውን ስም፣ የመርማሪውን ስምና የምርመራ መዝገብ ቁጥሩንም ጠይቁ። ቁጥሩ አልተሰጠም ከተባላችሁ በማግሥቱ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ለታሰረው ሰው አንድ አጭር መልእክት ይድረሰው፦ «ጠበቃዬን ሳላማክር ቃል አልሰጥም»። ዝም የማለት መብት እዚያው አንቀጽ 19 ላይ አለ። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። ስሙንና አድራሻውን መናገር ችግር የለውም። ስለ ድርጊቱ ግን «ትንሽ ላስረዳቸውና ይለቁኛል» ብሎ መጀመር ነው መዘዙ። ንጹሕ ሰው እንኳ ቀን ወይም ሰዓት ተሳስቶ ይናገርና ኋላ ምስክር ሌላ ሲል ውሸታም ተደርጎ ይታያል።

ቃል ሰጥቶ ከሆነም ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም፤ ግን ምን እንዳለና ምን ላይ እንደፈረመ ለጠበቃው ሳይሸራረፍ ይነገረው። ገና የሚፈርም ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ ያንብብ፣ ወይም ይነበብለት። ያላለው ነገር ተጽፎ ካገኘ እንዲታረም ይጠይቅ፤ ካልታረመ አይፈርም። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚሰጥ የእምነት ቃል ደግሞ ከጣቢያው ቃል በጣም ይከብዳል። «ዳኛ ፊት አንድ ጊዜ ተናገርና ይቀልልሃል» የሚል ሰው ከመጣ፣ ከጠበቃ ጋር ሳይመክሩ እሺ አይባልም።

የትኛው ጠበቃ?

ጠበቃ ሁሉ የወንጀል ጠበቃ አይደለም። የውርስና የቤት ክርክር ላይ ስመ ጥር የሆነ ሰው የጊዜ ቀጠሮ ችሎት (ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበትን) ከረገጠ ዓመታት አልፈውት ይሆናል። ሁለት ሦስት ሰው አነጋግሩ፤ ከተገኘም እናንተ የምትቀርቡበት ፍርድ ቤት ወንጀል ችሎት ላይ ዘወትር የሚቆም ይሁን። እሱን ለማወቅ ብዙ ማሰስ አያሻም። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ አንድ ጠዋት ገብታችሁ ተቀመጡ። ማን መዝገቡን አንብቦ እንደመጣ፣ ማን ደግሞ ወረቀቱን እዚያው ችሎት ውስጥ እንደሚያገላብጥ በግማሽ ቀን ይለያል።

ፈቃዱን ጠይቁ። ይህ ነውር አይደለም፤ ደህና ጠበቃም አይቀየምበትም። ሁለት ነገር እዩ፦ ለዘንድሮ መታደሱንና ጉዳያችሁ በሚታይበት ፍርድ ቤት የሚሠራ መሆኑን። የፌዴራል ፈቃድና የክልል ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። በፌዴራል ደረጃ ጥብቅናን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ይህ አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ስለፈቀደ፣ ከጥብቅና ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ ችሎት የሚቆመው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍላችሁ። አለበለዚያ ያነጋገራችሁ ሰው ሌላ፣ ችሎት የሚመጣው ሌላ ይሆናል።

በመጀመሪያው ውይይት «ታሸንፋለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ድርጊቱ በየትኛው አንቀጽ ሊያስከስስ ይችላል? ቅጣቱ ከስንት እስከ ስንት ነው? ዋስትና ያስከለክላል ወይ? ነገ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው? መቼ ሄደህ ታየዋለህ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። ታሳሪውን ሳያነጋግር ስለ ውጤቱ በልበ ሙሉነት የሚያወራ ጠበቃ የሚያወራው ከመዝገቡ ተነሥቶ አይደለም።

ከሚከተሉት አንዱን ከሰማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ፦ «ዳኛውን አውቀዋለሁ»፣ «ለዐቃቤ ሕጉ የሚሰጥ ነገር አዘጋጁ»፣ «መፈታቱን ዋስትና እሰጣለሁ»። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም አቀባባዩም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይጠየቃሉ፤ አንድ ታሳሪ የነበረው ቤተሰብ ሁለት ታሳሪ ይኖረዋል። ጣቢያ በር ላይ የሚያገኛችሁ ጉዳይ አስፈጻሚም ጠበቃ አይደለም፤ ችሎት ሊቆምላችሁ አይችልም።

አብረው የተያዙ ሰዎች ወጪ ለመቀነስ አንድ ጠበቃ ሲቀጥሩ በብዛት ይታያል። መከላከያቸው አንድ ከሆነ ይሠራል። አንደኛው «መኪናውን የነዳው እሱ ነው» ሊል የሚችል ከሆነ ግን ጠበቃው አንዱን ሲጠቅም ሌላውን ይጎዳል፤ መሐል መንገድ ላይ ሁለቱንም ትቶ መውጣት ሊኖርበትም ይችላል። ከፋዩም ይህን ይወቅ፦ ደንበኛው የታሰረው ሰው እንጂ ገንዘብ ያወጣው አጎት አይደለም። ታሳሪው ለጠበቃው በምስጢር የነገረውን አጎት የማወቅ መብት የለውም።

ውሉ

በቃል ተስማምቶ መሄድ የጠብ ምንጭ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ይናገር። «የወንጀል ጉዳዩን ሊከራከር» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የጊዜ ቀጠሮና ዋስትና፤ የዋስትና ይግባኝ፤ የክስ መቃወሚያ (ክሱ ላይ የሚቀርብ የሕግ ተቃውሞ)፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች የሚሰሙበት ጊዜ፤ «ይከላከል» የሚል ብይን (የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ስለበቃ ተከሳሹ መከላከያውን ያቅርብ የሚል ውሳኔ) ከተሰጠ የመከላከያ ምስክር ማሰማት፤ የቅጣት አስተያየት፤ ይግባኝ። የትኞቹ በዋጋው ውስጥ እንደተካተቱ አንድ በአንድ ይጻፍ። ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው «ይከላከል» በተባለ ማግሥት ነው፤ ጠበቃው ሥራዬ አልቋል ይላል፣ ቤተሰቡ ገና መጀመሩ ነው ብሎ ያስባል።

ክፍያውም ደረጃውን ይከተል። አንዱ አካሄድ ሲሶውን ሲፈራረሙ፣ ሲሶውን የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ፣ የቀረውን መከላከያ ሲጀመር መክፈል ነው። ብይኑ ላይ በነፃ ከተሰናበተ የመጨረሻው ሲሶ ይከፈላል ወይስ ይቀራል? አሁኑኑ ወስኑት። የፎቶ ኮፒ፣ የትራንስፖርትና ከከተማ ውጪ የውሎ አበል በማን ላይ እንደሆነም ይግባ። በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

የዋስትና ገንዘብ ከጠበቃ ክፍያ ጋር አይደባለቅም። ፍርድ ቤቱ ባዘዘው መንገድ ተከፍሎ ደረሰኙ በእናንተ እጅ ይቀመጣል፤ ተከሳሹ ግዴታውን አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው በዚያ ደረሰኝ ነው። ከተከፈለ በኋላ የመፍቻ ትእዛዙን ተቀብሎ ጣቢያ ማድረስም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዓርብ ከሰዓት ከሆነ ማን እንደሚሮጥ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ጊዜ ቀጠሮ ላይ ጠበቃ ምን ይሠራል?

መርማሪው ቀርቦ «ምርመራው አልተጠናቀቀም» ብሎ 14 ቀን ይጠይቃል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ሊፈቀድ የሚችለው ከፍተኛው ይኸው ነው፤ ከዚያ ያነሰም ሊፈቀድ ይችላል። ጠበቃ ከሌለ ጉዳዩ በደቂቃዎች ያልቃል። ጥሩ ጠበቃ ግን ይጠይቃል፦ ባለፈው በተሰጣችሁ ቀን ምን ሠራችሁ? የቀረው ምስክር ስንት ነው? ሰነዱ በእጃችሁ ከሆነ ደንበኛዬ ውጪ ሆኖ ምኑን ያጠፋል? የቴክኒክ ምርመራ ውጤት ለመጠበቅ ሰውየው መታሰር ለምን አስፈለገ? በዚህ መንገድ 14 ቀን ሰባት ይሆናል፣ አንዳንዴም ዋስትናው እዚያው ይፈቀዳል። ዳኛው የሚመዝነው ሰውየው ይመለሳል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ የመታወቂያ ኮፒ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የልጆች የልደት ካርድና የሕክምና ማስረጃ ካለ ለጠበቃው ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን ይድረሰው፤ ጠዋት በር ላይ መስጠት አይረዳውም። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ክሱ ከተነበበ በኋላ መቃወሚያ ይቀርባል፣ ከዚያ ተከሳሹ ድርጊቱን ያምን ወይም ይክድ እንደሆነ (የእምነት ክህደት ቃል) ይጠየቃል። «አድርጌያለሁ፣ ግን እሱ ቀድሞ መታኝ» ማለት ሙሉ እምነት አይደለም፤ በክህደት መመዝገብ አለበት። ጠበቃው ይህን ዐረፍተ ነገር ከደንበኛው ጋር አስቀድሞ ካልተለማመደ ሰውየው በፍርሃት «አዎ» ብሎ ይቀመጣል፣ ችሎቱም ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል።

ገንዘብ ከሌለ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20፣ መክፈል ለማይችልና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ይህ ግን ሳይጠየቅ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ተከሳሹ ለችሎቱ «ዐቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ብሎ በግልጽ ይናገርና በመዝገብ ይያዝለት። በፌዴራል ደረጃ ተከላካይ ጠበቆች በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ናቸው። በብዛት የሚመደቡት ክስ ከተመሠረተ በኋላ ስለሆነ ለጣቢያው ጊዜ የሕግ ትምህርት ቤቶችን የነፃ ድጋፍ ማእከላት፣ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጠይቁ።

ተከላካይ ጠበቃ እጁ ላይ ብዙ መዝገብ አለ። ከቀጠሮው በፊት ሄዳችሁ አንድ ገጽ ስጡት፦ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የተያዘ ንብረት ዝርዝር፣ የመከላከያ ምስክሮች ስምና ስልክ፣ እያንዳንዱ ምን እንዳየ በአንድ መስመር። ስለ ልጁ ጨዋነት ሁለት ገጽ የሚጽፍ ቤተሰብ አለ፤ እሱ ለቅጣት ማቅለያ ይቆይ።

ጠበቃ መቀየር ካስፈለገ

ሁለት ቀጠሮ ያለ ምክንያት ከቀረ፣ ወይም ስልክ ማንሣት ካቆመ፣ በጽሑፍ አሰናብቱት፤ የመዝገቡን ኮፒና ያስገባቸውን ማመልከቻዎች ተረከቡ፤ አዲሱ ጠበቃ ከቀጠሮው በፊት ለችሎቱ ያሳውቅ። ምስክር ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው መቀየር ግን አደጋ አለው፤ ችሎቱ ተለዋጭ ቀጠሮ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ፍርዱ ጥሩ ካልሆነ የፍርዱን ግልባጭ በዕለቱ ጠይቁ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ዋናው የይግባኝ ቅሬታ ደግሞ ግልባጩ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ውላችሁ ላይ ይግባኝ ካልተጻፈ ያ 15 ቀን የሚያልቀው ከማን ጋር እንደምትዋዋሉ ስታስቡ ነው።