ጨለም ላለ ቤት የቱን ፖቶስ እንግዛ?

ፖቶስ ሐረግ የሚጥል የቤት ውስጥ ተክል ነው። ቤታችሁ ብርሃን ካጠረው ነጭ የበዛበትን ፖቶስ አትግዙ። አረንጓዴውን ውሰዱ። ከምነግራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ነጩ ስለማያምር አይደለም። በጣም ያምራል። ሻጮችም ከፊት የሚደረድሩት እሱን ነው። ግን ቅጠሉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ቦታ ክሎሮፊል፣ ማለትም ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር፣ የለውም። ክሎሮፊል ከሌለ ደግሞ ከብርሃን ምግብ መሥራት የለም። ግማሹ ነጭ የሆነ ቅጠል ተክሉን የሚመግበው በቀረው ግማሽ ብቻ ነው። ብርሃን የጠገበ ሳሎን ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። ጨለም ባለ ክፍል ግን እድገቱ ቀጥ ይላል። ነጩ ቦታ ከዳር ጀምሮ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። አዲስ የሚወጣውም ቅጠል አረንጓዴ እየበዛበት ይመጣል። ለነጩ ብላችሁ የገዛችሁት ተክል ነጩን ያጣል ማለት ነው።

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ግራውንድ ላይ ነው። ከሳሎኔ መስኮት ፊት ለፊት ሌላ ብሎክ ቆሟል። የምሠራበት ቢሮ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ መስኮቱን ስትከፍቱ የምታዩት የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ሁለቱም ቦታ ፖቶስ አለኝ፣ ሁለቱም ቦታ ደህና ናቸው። መሀል ከተማ ላይ ብዙዎቻችን የምንኖረው እንዲህ ነው። ካዛንቺስ ፎቁ ከፎቅ እየተጠጋጋ ሲሠራ ከታች ያለው ቤት በቀንም መብራት ያበራል። አራዳ የቀሩት የድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጠባብ ነው። ቪዲዮ ላይ የምናየው ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ቤት ለኛ መለኪያ አይሆንም።

ፖቶስ መነሻው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት ሞሬያ ናት። በዱር ሲሆን በትልልቅ ዛፍ ግንድ ላይ እየተሳበ ይወጣል፤ ከፍ እያለ ሲሄድም ቅጠሉ እጅግ እየሰፋ ይሄዳል። ሲጀምር ግን ከዛፉ ጥላ ሥር ነው። ጥላ የሚችለውም ለዚህ ነው። ይችላል ማለት ግን ያለ ብርሃን ይኖራል ማለት አይደለም። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አድርጋችሁት ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ብታዩት እንኳ ያጠራቀመውን እየበላ ነው።

ስለዚህ ተክል ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ክፍሉን እዩት። ቀን 6 ሰዓት ላይ አምፖሉን አጥፉ። ተክሉ ይቀመጥበታል ባላችሁት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት አድርጉ። እጃችሁን ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ክፍሉ ብሩህ ነው፤ የፈለጋችሁትን ግዙ። የእጅ ቅርጽ ይታያል ግን ዳሩ የደበዘዘ ከሆነ መካከለኛ ነው። ወረቀቱ ላይ እንደነገሩ ጠቆር ያለ ነገር ብቻ ካለ ዝቅተኛ ብርሃን የምንለው እሱ ነው፤ እዚያ የሚሆነው አረንጓዴው ብቻ ነው። ጥላ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለ ያለ አምፖል ምንም አታስቀምጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የውጭ ሰዎች ደቡብ የሚያይ መስኮት ምርጥ ነው ይላሉ። ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። ፀሐይ እኛ ጋ ጎን ትቀይራለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ ቀትር ላይ የምትታየው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል። ታኅሣሥ ላይ በደቡቡ መስኮት ዘልቃ ምንጣፉ ላይ የምታርፈው ፀሐይ ሰኔ ላይ የለችም። በዚያ ላይ የክረምቱ ደመና አለ። ስለዚህ በበጋ የለካችሁትን ብርሃን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ቁጠሩት። እንዲያውም ሐምሌ ላይ ብትለኩ ይሻላል፤ ሐምሌን የቻለ ዓመቱን ይችላል።

ወፍራሙን መጋረጃ ቀን ቀን ሰብሰብ አድርጉት፤ ስሱ ይበቃል። ብዙ ቤት ብርሃን የሌለ የሚመስለው በመጋረጃ ነው። ከመስኮቱ በራቃችሁ ቁጥርም ብርሃኑ በፍጥነት ይወድቃል። ለዓይናችን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፣ ለተክሉ ግን መስኮቱ ሥርና ሦስት ሜትር ገባ ብሎ ያለው ጥግ ፈጽሞ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። ለጨለም ያለ ክፍል ከሁሉም የማስቀድመው ጄድ የሚባለውን ነው። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ነጭም ቢጫም የለበትም። ሰዎች ተራ ነው ብለው ያልፉታል። ቤት ውስጥ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ስታዩት ግን ተራ አይደለም። ቀጥሎ ጎልደን አለ፤ አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ ረጨት ረጨት ያለበት። እኔ እዚህ በብዛት የማየው እሱን ነው። ብርሃን ሲያንሰው ቢጫው እየጠፋ ይሄዳል፣ ተክሉ ግን ይቀጥላል። ጄድ ካጣችሁ ከጎልደኑ ውስጥ ቢጫው ያነሰበትን መርጣችሁ ውሰዱ። ኒዮን ቅጠሉ ብሩህ ቢጫማ አረንጓዴ ነው። ለመካከለኛ ብርሃን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ግን ያ ብሩህነቱ ይደበዝዛል።

ማርብል ኩዊን፣ ኤንጆይ እና ማንጁላ ነጭ ያለባቸው ናቸው። መስኮት ሥር ቦታ ካላችሁ እሰዬው። ከሌላችሁ ተዉአቸው። ሳቲን ፖቶስ የሚባለው ብርማ ነጠብጣብ ያለበት ለስላሳ ቅጠል ደግሞ ዘሩ ሌላ ነው፤ መካከለኛ ብርሃን ይበቃዋል።

ሻጮች ፊሎደንድሮንን ፖቶስ ብለው ሊሰጧችሁ ይችላሉ። በአዲሱ ቅጠል ትለያላችሁ። የፊሎደንድሮን አዲስ ቅጠል በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ሽፋኑ ቆይቶ ደርቆ ይወድቃል። የፖቶስ አዲስ ቅጠል እንዲያ ዓይነት ሽፋን የለውም፣ ከፊተኛው ቅጠል እጀታ ውስጥ ተጠቅልሎ ወጥቶ ይዘረጋል። የፖቶስ ቅጠል ወፈር ያለ ሲሆን እጀታው ላይ ቦይ አለው። ባለ አረንጓዴ የልብ ቅርጹ ፊሎደንድሮንም ጥላ ይችላል። ተሳስተው ቢሰጧችሁ ጉዳት የለውም።

መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ጋ ስትሄዱ ፖቶስ የሚለው ስም ካልገባቸው ስልካችሁ ላይ ፎቶ አሳዩ። ከዚያ ርዝመቱን አትዩ። አንዱ ሻጭ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሁለት ሜትር አልፏል» ብሎ አንድ ማሰሮ አነሳልኝ። ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁ። ከአፈሩ የሚወጣው አንድ ግንድ ብቻ ነው። ከቅጠል እስከ ቅጠል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ይሞላል፣ ወደ ሥሩ ያለው ክፍል ደግሞ ራቁቱን ነው። አጠገቡ የቆመው ቁመቱ ከግማሹ አይበልጥም። ግን አምስት ግንድ አለው፣ ቅጠሎቹም ተቀራርበው ነው የበቀሉት። እሱን ወሰድኩ። ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ተክል አዲስ ቅርንጫፍ ለማውጣት አቅም ስለሚያንሰው ጥቅጥቅ ብሎ መግባት አለበት። ሳሳ ብሎ ከገባ ሳስቶ ይቀራል።

ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። በእጀታውና በግንዱ መገናኛ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነው፤ ከነማሰሮው ተዉት። አፈሩን አሽትቱ፤ ከሸተተ ሥሩ በስብሷል። ፀሐይ ላይ የተደረደረውን ሳይሆን ከመረቡ ጥላ ሥር ያለውን ጠይቁ። ጥላ የለመደ ተክል እናንተ ቤት ሲገባ ብዙም አይደነግጥም።

መግዛት የግድ አይደለም። ጎረቤት ካለው ለምኑ። ሐረጉ ላይ ከየቅጠሉ ሥር አንጓ አለ፤ አንጓው ላይ ትንሽ ቡናማ ጉጥ ታያላችሁ። ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ከአንጓው በታች ቁረጡና ጉጡን ውኃ ውስጥ ንከሩት። አንጓ የሌለው ቅጠል ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም ተክል አይሆንም። ደግሞ ከአንድ ተክል ላይ እንኳ ሐረጎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ነጭ ሲበዛበት ሌላው አረንጓዴ ያደላል። ለጨለማው ክፍል የምትቆርጡት አረንጓዴ ያደላውን ነው፤ ግንዱም ላይ ነጭ መስመር ያልበዛበትን ምረጡ። ለቢሮዬ የቆረጥኩት እንዲህ መርጬ ነው። እስካሁን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ነው፣ አፈር አላየም። ውኃውን በየሳምንቱ እቀይርለታለሁ። የቢራ ጠርሙስ ዓይነት ጠቆር ያለ ብትጠቀሙ ውኃው ቶሎ አረንጓዴ አይሆንም።

አፈር ላይ የምታሳድጉ ከሆነ ብዙ ጊዜ ተተክሎ የሚሸጥበትን መረሬ አትመኑት። መረሬ ውኃ ይዞ አይለቅም፤ ብርሃን ያነሰው ተክል ደግሞ ውኃ የሚጠጣው በዝግታ ነው። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ለግንባታ የሚመጣውን ሬድ አሽ አደባልቁ። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ውኃ የምታጠጡት ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል አስገብታችሁ ደረቅ ሲሆን ነው። በቀን ቆጥራችሁ አታጠጡ። ፖቶስ ሲጠማው ቅጠሉን ጣል ያደርጋል፣ ስታጠጡት ይነሳል። ውኃ ሲበዛበት ግን ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፤ ያ አይነሳም። በክረምት በተለይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ያደረውን ስጡት፤ የቤቱን ሙቀት ስለያዘ ሥሩን አያስደነግጠውም።

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሌላው ጠላቱ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳዋል። በእነዚያ ወራት ማታ ማታ ከመስታወቱ ፈቀቅ አድርጉት። አቧራውንም አትርሱ፤ መንገድ በተቆፈረበት ሰፈር ቅጠሉ በሳምንት ውስጥ ይለብሳል፣ ያቺኑ ያለችውን ብርሃን ይሸፍንበታል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ ዘይት ወይም ቫዝሊን አትቀቡት።

ሕፃን ወይም ድመት ካለ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ቅጠሉ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል እንደ መርፌ የሾለ ነገር አለ፤ ሲያኝኩት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ለውሻም እንዲሁ ነው።

አየር ያጸዳል እያሉ የሚሸጡላችሁን ግን ለዚያ ብላችሁ አትግዙ። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው የናሳ ጥናት ነው። ያ የተሞከረው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነበር። ቤት ውስጥ መስኮት መክፈት ይበልጣል።

መስኮት ለሌለው መታጠቢያ ቤት ሁለት ማሰሮ አዘጋጁና በየሁለት ሳምንቱ ከሳሎኑ ጋር አቀያይሯቸው። ወይም ተራ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ከተክሉ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በቀን 12 ሰዓት ያህል አብሩለት። መብራት አንድ ቀን ቢጠፋ ምንም አይሆንም።

ቤት ባስገባችሁት ሰሞን አንድ ሁለት የታች ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ቦታ ለመልመድ ነው። ውኃ አትጨምሩበት፣ ማዳበሪያ አትስጡት፣ ከቦታ ቦታም አታዙሩት። ከዚያ አዲሱን ቅጠል ጠብቃችሁ ተመልከቱ። ከበፊቱ እኩል ከሆነ ቦታው ተስማምቶታል። ካነሰና በሁለቱ መካከል ያለው ግንድ ከረዘመ ብርሃን አንሶታል፤ ግማሽ ሜትር ወደ መስኮቱ አስጠጉትና ቀጣዩን ቅጠል እዩ።