ወታደር ለመምረጥ «ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ» አይበቃም

የባህርይ ሳይንስን ለወታደር ምልመላ ማዋል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ስታቲስቲክስ ነው። ሳይኮሎጂው ይከተላል። አሜሪካ ያላችሁ የኢንዱስትሪና ድርጅት ሳይኮሎጂ የሚባለውን ዘርፍ ፈልጉ፤ ማስተርስ በር ይከፍታል፣ ለምርምር ግን ዶክትሬት ይጠየቃል። የመንግሥት ቅጥር ከሆነ ዜግነትም እንደዚሁ።

የሙያው ልብ በ1955 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ የታየው ነው። የ21 ዓመቱ የጦሩ ሳይኮሎጂስት ዳንኤል ካህነማን የምልመላውን ቃለ መጠይቅ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ጠያቂዎቹ ምልምሉን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አነጋግረው «ጥሩ ወታደር ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ይሉ ነበር፤ ግምታቸው ግን ኋላ ከታየው ጋር አልገጠመም። እሱ ስድስት ባሕርያት ለይቶ እያንዳንዱን ከ1 እስከ 5 አስመዘነ። ጠያቂዎቹ «ማሽን አደረግኸን» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን አንድ ነጥብ እንዲጨምሩ ፈቀደላቸው። የስድስቱ ድምር ከድሮው ዘዴ በእጅጉ በለጠ። የሚገርመው፣ የተጨፈነ ዓይን ነጥብም ከድምሩ አላነሰም። ግምት የሚሠራው ማስረጃው በሥርዓት ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

የራሳችሁን ቃለ መጠይቅ ስታዘጋጁ ከሥራው ጀምሩ። አዛዦችን «ምን ዓይነት ሰው ይፈለጋል?» ብትሏቸው «ጀግና፣ ታማኝ» ይሏችኋል፤ ይህ አይለካም። «ባለፈው ወር ጎበዝ ያላችሁት ምን አድርጎ ነው? ያስቸገራችሁስ?» በሉ። ከመልሱ ከስድስት የማይበልጡ ባሕርያት አውጡና ለነጥቦቹ መለኪያ ጻፉ። ለኃላፊነት ለምሳሌ፦ 5 ማለት ማንም ሳያስታውሰው የጀመረውን የጨረሰባቸውን ሁለት አጋጣሚዎች በዝርዝር ይናገራል፤ 3 አንድ አለው፣ እሱንም በጉትጎታ የጨረሰው፤ 1 «ኃላፊነት ይሰማኛል» ከማለት በቀር ምሳሌ የለውም።

አንዱን ባሕርይ ነጥብ ሳትሰጡ ወደ ሌላው አትለፉ። አለበለዚያ በንግግሩ የማረካችሁ ልጅ በሁሉም 5 ያገኛል። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይመዝኑ፤ ልዩነታቸው 2 ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመለኪያው አጻጻፍ ነው። ነጥቡን ለወደፊት አዛዡ አታሳዩ፤ ካየ የራሱን ምዘና በዚያው ይቃኘዋል።

ቋንቋንም ከችሎታ ለዩ። የአሜሪካ ጦር የመግቢያ ፈተና ብቁነትን ሲያሰላ የቋንቋ ክፍሉን (የቃላት ዕውቀትና ንባብ) ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱን የሒሳብ ክፍሎች ግን አንድ አንድ ጊዜ ይቆጥራል። ከአዲስ አበባ በቅርብ የሄደ የሒሳብ ጎበዝ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

ከሥልጠና በኋላ ነጥቡን ከውጤት ጋር ስታነጻጽሩ ተዛምዶው ደካማ ሊመስል ይችላል። ፈተናውን ለመጣል አትቸኩሉ፤ ዝቅተኞቹ በር ላይ ስለቀሩ የገቡት እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ተዛምዶውን ለማረም የሁሉም አመልካቾች የነጥብ ስርጭት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያላለፉትንም ፋይል አስቀምጡ።